ኮሌጁ ዲቪዚዮን ዋን የገባ ጊዜ

ምስክርነቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም። አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከፈረንጆች በምንከራየው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ እሁድ ጠዋት "የምትመሰክሩት ያላችሁ" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ማይኩን ተቀበልኩና ልጄ የምትሮጥበት ኮሌጅ በስፖርት ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ወደ አንደኛ እንደሚያድግ፣ ይህም የጸሎታችን መልስ እንደሆነ ተናገርኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እናቶች እልል አሉ። ግማሹ ሰው ዲቪዚዮን ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማደግ የሚለውን ቃል ግን የማያውቅ የለም። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና የኮቴን ጫፍ ትጎትት ነበር። ማይክ ከያዝኩ ቶሎ እንደማልለቅ ታውቃለች።

እኔ በኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቡድን ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው ሲያድግ አይቻለሁ። ተጫዋቾቹን በትከሻችን ተሸክመን ከሜዳ እስከ ገበያው ድረስ ነው የሄድነው፤ በረኛውን ለሦስት ቀን ያህል ምሳ የሚከለክለው ቤት አልነበረም። ስለዚህ ቡድን አደገ ማለት ያሳደጉት ልጆች አብረው አደጉ ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ካለ እሱ ከእኔ ይበልጣል።

ልጄ ግን ነግራኝ ነበር። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ ስላት፣ "ዳዲ፣ እኛ አሸንፈን አይደለም እኮ። ስኩሉ አፕላይ አድርጎ ነው" አለችኝ። ሳቅኩባት። ማመልከቻ የሚገባው ለቀበሌ ቤት ነው እንጂ ለውድድር ሲገባ ሰምቼ አላውቅም አልኳት። እሷ አልሳቀችም። እኔ ግን መስማት የፈለግኩትን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ፤ እሁድ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

ስለ ልጄ ትንሽ ልናገር። ስታድግ ዝምተኛ ነበረች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ግማሹ ነገር መሀል ላይ ይወድቃል። የእኔ እንግሊዝኛ ቧንቧ ለመጠገንና ከተከራይ ጋር ለመከራከር ይበቃል፤ የልጅ ልብ ለመክፈት ግን አይበቃም። ሃይስኩል ገብታ ሩጫ ስትጀምር ነው የተዋወቅነው ብል አላጋነንኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውድድር ስወስዳት መኪና ውስጥ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭቃው፣ መጨረሻ ላይ ስለቀደመቻት ልጅ። ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ትንሽ ኮሌጅ ገብታ፣ እዚያም ለቡድኑ ስትመረጥ፣ በየቀኑ ከልምምድ ስትወጣ ትደውልልኝ ጀመር። እኔ በዚያ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት አፓርታማ ምድር ቤት፣ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር አጠገብ ነኝ። "ዛሬ ስንት?" እላታለሁ፤ ደቂቃና ሴኮንድ ትነግረኛለች። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም። አምስት ሺህ ሜትር በአስራ ስምንት ደቂቃ ከአርባ የገባች ቀን በደስታ ስጮህ የፅዳት ሠራተኛዋ አደጋ የደረሰ መስሏት እየሮጠች መጣች። ከዚያች ልጅ ጋር ያለኝ ነገር ሁሉ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ወደ ምስክርነቱ ልመለስ። አምልኮው አልቆ በር ላይ ሰላም ስንባባል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደ ጎን ወሰዱኝ። በርክ በምትባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ልጄን ሕፃን ሳለች እጃቸውን ጭነው የባረኩ አባት ናቸው። አርሲ ያለችው የእህታቸው የልጅ ልጅ ሯጭ መሆኗን፣ አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት ብትፈልግ መንገዱን የሚያሳያት እንደጠፋ ነገሩኝ። የልጄን አሰልጣኝ ኢሜይል ብሰጣቸው ይሆን? ይሆናል ወይ ብሎ ጥያቄ አለ እንዴ! በሕዝብ ፊት ካስጨበጨብኩ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፤ ያን ቀን የማላድለው ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው የልጅቱን የውድድር ውጤት ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ እኔ ለልጄ አስተላለፍኩላትና ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አምስት ሺህ ሜትር፣ አስራ ስድስት ደቂቃ ከአምስት፣ ያውም ደጋ ላይ። አንብባዋለች፤ ስልኬ ያሳየኛል። ብዙ ቆይታ በእንግሊዝኛ "በጣም ጥሩ ነው" ብላ ጻፈች። የአሰልጣኙን ኢሜይል ላኪልኝ አልኳት። በማግስቱ ላከችው፤ ከኢሜይሉ ሌላ አንድም ቃል የለውም። እኔ ደግሞ ስካነሩን በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ የልጅቱን ትራንስክሪፕትና ፓስፖርት በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ስካን አድርጌ፣ ደብዳቤውንም ከሽማግሌው ጋር ሦስት ጊዜ አርሜ ላክሁ። በደንብ ነው የሠራሁት። ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ እንኳ አላበላሸሁትም።

በጸደይ የድሮው አሰልጣኝ ተሰናበተ። እዚያው ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ሩጫውን እንደ ትርፍ ሥራ የያዘ፣ ልጄን በቅጽል ስም የሚጠራ ደግ ሰው ነበር። አዲሱ መጣና ወላጆችን በዙም ሰበሰበን። ስልኬን መሣሪያ ሳጥኔ ላይ አቁሜ አዳመጥኩ። ኮሌጁ ስላለመው ነገር ብዙ አወራ፤ መጨረሻ ላይ ቡድኑ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር የተወሰነ እንደሚሆን፣ ነባሮቹም ነሐሴ ላይ ተፈትነው በአዲሱ መለኪያ እንደሚያልፉ ተናገረ። እኔ ድምፄን ከፍቼ፣ እስከዛሬ ለኮሌጁ የሮጡት ልጆች ምን ይሆናሉ ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ጥያቄው አመሰገነኝ። ፈረንጅ እምቢ ሲልህ መጀመሪያ ያመሰግንሃል። ለእነዚህ ልጆች ትልቅ አክብሮት እንዳለው ነገረኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ለተወሰነ ጊዜ ሽንኩርቷን ከተፈች። ከዚያ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች። እኔን ማለቷ ይሁን ኮሌጁን አልገለጸችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ረቡዕ በቤት ለቤት ጸሎታችን ላይ፣ ሽማግሌው የጸሎት ርዕስ አመጡ። ልጅቱን ኮሌጁ ተቀብሏታል፤ አዲሱ አሰልጣኝ የላክነውን ደብዳቤ አይቶ ራሱ ደውሎ ቦታ አለሽ ብሏታል፤ የቀረው የኤምባሲ ቀጠሮ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ወንድሜ፣ ይኸው ከልጅህ ጋር እህትማማች ሊሆኑ ነው። ሦስት ቀን ጾም እንያዝላት" አሉ። ሁሉም አሜን አለ።

ቦታ አለሽ። ቁጥሩ የተወሰነ ነው ተብሏል፤ ቦታ ከየት መጣ? ተንበርክከን ስንጸልይ አንዷ እናት እያለቀሰች "ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈትላት" ትላለች፤ እኔ ግንባሬን ሶፋው ላይ ደፍቼ በሆዴ "ዝጋው" እላለሁ። እንዲህ ብዬ ጸልያለሁ፤ አልክድም። አይቻት የማላውቃት፣ በማላውቀው መንደር በባዶ ሆዷ የምትሮጥ ልጅ ቪዛ እንድትከለከል ለመንኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩና አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ጾሙንም ጾምኩ። እየራበኝ፣ ምን እንደምለምን ሳላውቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስጠግን ዋልኩ።

ቪዛው ተሰጠ። እሁድ ሽማግሌው ምስክርነት ሲሰጡ እኔን ከተቀመጥኩበት አስነሡኝ። ለዚህች ልጅ መንገድ የከፈተው ይህ ወንድም ነው አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ቆሜ ጭብጨባውን ተቀበልኩ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ልጄም ያን እሁድ መጥታ ነበር። ከሁሉም ጋር አጨበጨበች።

የአሜሪካውን በጋ እንዴት እንደሠራች እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ሥራ ሳልገባ በፊት ቤታችን አጠገብ ባለው የሃይስኩል ትራክ ላይ ሰዓት ይዤላት እቆማለሁ። ሐምሌ ሲያልቅ አስራ ስምንት ከሃያ አምስት ደረሰች። ከዚያ በፊት እንዲህ ሮጣ አታውቅም። መኪና ውስጥ ግን እንደ ድሮው አታወራም፤ መስኮቱን ታያለች። መለኪያው ከዚያም የፈጠነ ሰዓት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ በምን ያህል እንደሚፈጥን ግን እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

የፈተናዋ ቀን ከልምምድ መውጫዋ ሰዓት በፊት ደወለች። ስልኩን ሳየው ገባኝ። "ዳዲ፣ አልገባሁም" አለች፤ በአማርኛ። ልጄ ክፉ ነገር በአማርኛ ነግራኝ አታውቅም። አሰልጣኙ አንድ በአንድ ቢሮ እያስገባ እንደነገራቸው፣ ለእሷ ደግሞ ከፈለገች የቡድኑ ማኔጀር ሆና እንድትቀጥል ሐሳብ እንዳቀረበላት ነገረችኝ። ማኔጀር ሲባል ትልቅ ሥልጣን እንዳይመስላችሁ፤ ለሯጮቹ ውሃ ማቀበልና ሰዓት መያዝ ነው። አስብበታለሁ ብላዋለች። እኔ የማጽናኛ ቃል ፈለግኩ፤ በእንግሊዝኛ የለኝም፣ በአማርኛ ያለኝ ደግሞ አይገባትም። "በልተሻል?" አልኳት። በልቻለሁ አለች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ለእሷ ሳልናገር ወደ ኮሌጁ ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ ለአሰልጣኙ የምለውን በቃሌ ሳጠና ነበር፤ ቁጣ ከያዘኝ እንግሊዝኛዬ ይሻላል። አሰልጣኙ አልነበረም፤ ተማሪ ሊመለምል ሄዷል። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ወጣት በትሕትና ኢሜይል እንድጽፍለት ነገረኝ። ውጭ ስወጣ በጂሙ ግድግዳ ላይ ግማሹን የሚሸፍን አዲስ ባነር ተሰቅሏል። ኮሌጁ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን መግባቱን ያበስራል፤ ሥዕሉ ላይ የሴቶቹ ቡድን ዳገት ሲወጣ ይታያል። ከግራ ሦስተኛዋ ልጄ ናት። አፏን ከፍታ፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃ እንዳለ። ከሥሩ ቆሜ ሳየው ጥበቃው በመኪና መጥቶ፣ ምን ልርዳዎት አለኝ። ምንም አልኩት። ተመልሼ ሥራዬ ገባሁ፤ አራተኛ ፎቅ ውሃ እየፈሰሰ ነበር።

እንግዳዋን እዚሁ አቅራቢያችን ካለው ከደላስ አየር ማረፊያ እንድቀበል የተጠየቅኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ታመው መንዳት አይችሉም፤ ልጄ ደግሞ ከኮሌጁ ለጥቂት ቀን ቤት መጥታለች፤ እንግዳዋ ሁለት ቀን እኛ ጋ አርፋ አብረው ቢሄዱ የሚል ነው ሐሳባቸው። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። እንግዳ እምቢ ብዬ ነገ በየትኛው ፊቴ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ? ልጄን ምን ይሰማሻል ብዬ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀችና አልጋዋን አነጠፈችላት። እሷ ሶፋ ላይ ተኛች።

ልጅቱን ጨካኝ፣ ዓይን አውጣ አድርጌ ስላት ነበር የከረምኩት። ከበሩ የወጣችው ቀጭን፣ ከሻንጣዋ የምታንስ፣ ሰው ሲያናግራት መሬት የምታይ ልጅ ናት። ጋሼ ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ሻንጣዋን ስይዝባት ከጫፉ አልለቀቀችም፤ ለአሰልጣኙ ያመጣችው በሶ ውስጡ ስላለ እንዳይፈስ ፈርታ ነው። መኪና ውስጥ፣ አውሮፕላን ላይ የሰጧትን ምግብ ይከፈልበት ይሆን ብላ እንዳልበላች ነገረችኝ። ልጠላት ሞከርኩ፤ መንገዳችን ላይ ያለው ስፕሪንግፊልድ ሳንደርስ ተውኩት።

እራት ላይ ልጄ በግማሽ አማርኛዋ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው፣ ብርዱ መቼ እንደሚጀምር አስረዳቻት። እንግዳዋ ሁሉን እያጎነበሰች ሰማች። ከዚያ እጇን ከምግቡ አነሣች። "እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቡድኑ በቁጥር ነው ብለውኛል። ማን ወጥቶ ነው እኔ የገባሁት?"

ባለቤቴ ወደ ሳህኗ አጎነበሰች። እኔ ውሃ አነሣሁ።

"ማንም" አለች ልጄ።

"ማንም አልወጣም?"

"ማንም።"

"ተመስገን" አለች እንግዳዋ። "በሰው ቦታ መግባት ያስፈራኛል።" ከዚያ በኋላ ነው ደህና አድርጋ የበላችው።

ጠዋት ሁለቱ አብረው ለመሮጥ ወጡ። እኔ ሰገነቱ ላይ ሆኜ አየሁ። ከቤታችን እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁሉ ነገር ይታያል። ልጄ ከፊት፣ እንግዳዋ ግማሽ እርምጃ ከኋላ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሲመለሱም እንደዚያው ነበሩ። ነገር ግን ያን ያህል ጊዜ ሰዓት የያዘ ሰው ማየት ያውቃል። የልጄ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፤ እንደዚያ የሚሆነው የመጨረሻ ጉልበቷን ስታወጣ ነው። የእንግዳዋ አፍ ግን ተዘግቷል፤ ዛፉን፣ ቤቶቹን እያየች ነው የምትመጣው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አሰልጣኙን እረግመው ነበር። አልተሳሳተም። በዚያ ሁሉ ወር የያዝኩት ቁጣ እጄ ላይ ቀረ፤ የምሰጠው ሰው አጣሁ።

ኩሽና ገቡ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታን ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ቲሸርቷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። እንግዳዋ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ አስተካክላ አስቀመጠችና ወደ እኔ መጣች።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ደግ ናት" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከመንገድ ስለገባሁ አዝናልኝ ነው መሰለኝ፣ ለእኔ ብላ ቀስ ብላ ሮጠች።"

ድምጿን ዝቅ ብታደርግም ልጄ ሰማች። ብርጭቆው አፏ ላይ ቆመ። ይህን ያህል አማርኛ ይገባታል።

"አዎ" አልኳት እንግዳዋን። "እንግዳ ስለሆንሽ ነው።"